ታንኳ በትከሻ፦ በባውንደሪ ዋተርስ ከሐይቅ ወደ ሐይቅ ለሚሻገሩ

ስለ ፖርቴጅ፣ ማለትም ታንኳና ዕቃ ተሸክሞ ከሐይቅ ወደ ሐይቅ ስለ መሻገር፣ የሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ የሚጀምረው ከታንኳው ክብደት ነው። ታንኳው ግን ቀላሉ ነው። አሁን አከራዮች የሚሰጡት ኬቭላር ከሚባል ቀላል ሰው ሠራሽ ክር የተሠራ ታንኳ 42 ፓውንድ፣ ማለትም 19 ኪሎ ግድም ይመዝናል፤ ከሐበሻ ሱቅ የሚገዛው ባለ 25 ፓውንድ የጤፍ ዱቄት ሁለት ከረጢት ይበልጠዋል። ወገብ የሚቆርጠው ምልልሱ ነው። አንዱ በእጁ ያንጠለጠለው የውሃ ኮዳ፣ የሌላው ሻንጣ ውስጥ ያልገባ ጃኬት፣ ለብቻው የቀረ ድስት፣ ተደማምረው አንድ ተጨማሪ ጉዞ ይሆናሉ። ከዚህ በታች የጻፍኩት ዞሮ ዞሮ ምልልስ ለመቀነስ ነው፤ የታንኳ አነሳሱንም እዚያው አስገብቼዋለሁ።

ቦታውን ለማያውቅ፦ ባውንደሪ ዋተርስ በሰሜን ምሥራቅ ሚኒሶታ፣ በሱፒሪየር ብሔራዊ ደን ውስጥ፣ ከካናዳ ድንበር ጋር ተያይዞ የተዘረጋ ከአንድ ሚሊዮን ኤከር በላይ የሆነ ጥብቅ ዱር ነው። ከ1,100 በላይ ሐይቆች አሉት። ከሚኒያፖሊስ ኢሊ ከተማ ለመድረስ በመኪና አራት ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ በዚያ አካባቢ ያለ ሐበሻ ማልዶ ቢነሳ ከሰዓት በኋላ ውሃ ላይ ይሆናል። ሐይቆቹን የሚያገናኛቸው በጫካው መካከል የሚያልፍ ቀጭን የእግር መንገድ ነው፤ ፖርቴጅ የሚባለው እሱ ነው። ታንኳውን ጭንቅላታችሁ ላይ ደፍታችሁ፣ ዕቃውን አዝላችሁ ትሻገራላችሁ። መንኮራኩር ላይ አድርጎ መጎተት ከጥቂት የተፈቀደላቸው መንገዶች በስተቀር ክልክል ነው።

ርዝመቱ የሚለካው በሮድ ነው። አንድ ሮድ 16.5 ጫማ፣ ወይም 5 ሜትር ያህል፣ ማለትም ከአንድ ታንኳ ርዝመት ብዙም የማይርቅ ነው፤ 320 ሮድ አንድ ማይል ይሞላል። ፊሸርም ሆነ ማኬንዚ የተባሉት አሳታሚዎች ካርታ በየመንገዱ ላይ ቁጥር ጽፎበታል። 20 ሮድ ሳይታወቃችሁ ያልቃል። 80 ሮድ 400 ሜትር ነው፤ ደህና መንገድ ከሆነ በሸክም ስምንት ደቂቃ አካባቢ። ከ160 ሮድ በላይ ሲሆን እረፍት ማሰብ ያስፈልጋል። ይሁን እንጂ ቁጥሩን ብቻ አትመኑ። በካርታው ላይ የከፍታ መስመሮቹ ተጠጋግተው ከታዩ 60 ሮድ ከ150 ሮድ የባሰ ሊሆን ይችላል። በደንከንና በሮዝ ሐይቅ መካከል ያለው 80 ሮድ ግድም ነው፤ ቁልቁለቱ ግን የእንጨት ደረጃ እስኪሠራለት ድረስ ቀጥ ያለ ነው።

ከዕቃ አያያዝ እንጀምር

ለሁለት ሰው፣ ለአራት ቀን፣ ሦስት ሻንጣ ይበቃል፦ አንድ የድንኳንና የልብስ፣ አንድ የምግብ፣ አንድ ትንሽ ሻንጣ። ከዚህ ከበለጠ ቤት ተመልሳችሁ ቀንሱ። ትላልቆቹ ከ20 ኪሎ ባይበልጡ ጥሩ ነው፤ ደግሞም ከረጅም የተራራ ሻንጣ ይልቅ አጭርና ሰፊው ይመረጣል። ረጅሙ ከራስ በላይ ስለሚወጣ ታንኳ ስትሸከሙ ቀንበሩን ይገፋል፣ ታንኳው ውስጥም ሲቀመጥ ከጠርዙ በላይ ገትሮ ነፋስ ይሰበስባል።

በእጅ የሚያዝ ነገር አይኑር። መቅዘፊያና የዓሣ ዘንግ ብቻ ናቸው የሚፈቀዱት፤ እነሱም በአንድ ላስቲክ ይታሰሩ። የውሃ ኮዳ ሻንጣ ውስጥ ይግባ። ላይፍ ጃኬቱን ልበሱት፤ ለትከሻም ትራስ ይሆናል። ካሜራ፣ የዝናብ ልብስ፣ ቆሎ፣ ካርታ፣ ሁሉም ትንሿ ሻንጣ ውስጥ ይግባ፤ ታንኳ ተሸካሚው የሚያዝለው እሷን ነው።

ምግብ ላይ እኛ ዕድለኞች ነን። በዚህ ዱር ውስጥ ምግብ በቆርቆሮና በጠርሙስ ማስገባት ክልክል ነው፤ የሌላ አገር ሰው በውድ ዋጋ የደረቀ ምግብ ሲገዛ እኛ በሶ፣ ጭኮ፣ ቋንጣና ድርቆሽ ይዘን እንገባለን። ቀለል ያለ ነው፣ አይበላሽም፣ ውሃው እዚያው አለ። ለአንድ ሰው በቀን 800 ግራም አካባቢ ደረቅ ምግብ ብትይዙ ይበቃል፤ ለሁለት ሰው አራት ቀን ስድስት ኪሎ ተኩል ይሆናል። ንጥር ቅቤውን ከብርጭቆ ዕቃ ወደ ክዳኑ ጠበቅ ወዳለ ፕላስቲክ ገልብጡ። ድብ ስላለ ሽታ ያለው ሁሉ አንድ ሻንጣ ውስጥ ይሁን፤ ማታ የሚሰቀለው ወይም የድብ ሣጥን ውስጥ የሚገባው እሱ ነው።

አሁን ወደ ስሌቱ። ሁለት ሰዎች ናችሁ፣ ሸክማችሁ አራት ነው፦ ታንኳና ሦስት ሻንጣ። ትንሿ ከታንኳው ጋር ስለምትሄድ ሦስት ሸክም ሆነ። ብዙ ሰው የሚያደርገው ሁለት ጊዜ መመላለስ ነው፦ ይዞ መሄድ፣ ባዶ መመለስ፣ እንደገና ይዞ መሄድ። እያንዳንዱ ሰው መንገዱን ሦስት ጊዜ ይረግጠዋል ማለት ነው፤ 160 ሮድ 2.4 ኪሎ ሜትር ይሆናል። የተሻለው እንዲህ ነው፦ ታንኳ የያዘው እስከ ጫፍ ይሄዳል። ሌላው የመጀመሪያውን ትልቅ ሻንጣ እስከ መንገዱ አጋማሽ ያደርስና እዚያው ጥሎ ይመለሳል፤ ሁለተኛውን ትልቅ ሻንጣ አንስቶ በቀጥታ እስከ መጨረሻው ይሄዳል። ታንኳውን ያደረሰው ደግሞ እስከ አጋማሽ ተመልሶ የቀረውን ያመጣል። ሁለታችሁም መንገዱን ሁለት ጊዜ ብቻ ሄዳችሁ፤ 1.6 ኪሎ ሜትር። በቀን አምስት ፖርቴጅ ቢኖራችሁ ልዩነቱን ማታ ጉልበታችሁ ይነግራችኋል። አጋማሹ ላይ የምትጥሉት ሻንጣ ከመንገዱ ወጣ ብሎ፣ ግን በግልጽ በሚታይ ቦታ ይሁን፤ የምግብ ሻንጣውን ግን እዚያ ብቻውን አትተዉት፣ ድብ ባይመጣ ሽኮኮ ይመጣል። አጋማሽ ላይ የሚያርፈው የልብሱ ሻንጣ ይሁን።

ዳርቻው

ፖርቴጁ የት እንደሚጀምር የሚያሳይ ምልክት የለም፤ ሆን ተብሎ ነው የተተወው። ከርቀት የዛፎቹ ጫፍ ዝቅ የሚልበትን ቦታ ፈልጉ፤ ጠጋ ስትሉ ሣሩ ተረግጦ አፈሩ የተጋለጠበት ጠባብ ክፍት ቦታ ይታያል። ሁለቱን ሐይቅ ወንዝ የሚያገናኛቸው ከሆነ መውረጃው ፏፏቴው ወይም ፈጣኑ ውሃ ከመጀመሩ በፊት በአንዱ በኩል ነው። በፀደይ ውሃው ስለሚበዛ ወደ አፉ አትጠጉ፤ ከሩቁ ዳር ዳሩን ይዛችሁ ግቡ።

ኬቭላር ታንኳ ድንጋይ ላይ ተነድቶ አይወጣም። ይህ ትልቁ ስህተት ነው፤ አልሙኒየም የለመደ ሰው በተለይ ይሠራዋል። አልሙኒየሙ 75 ፓውንድ ቢመዝንም ድንጋይ ይችላል፤ ኬቭላሩ በአንድ ግጭት ሊሰነጠቅ ይችላል። ስለዚህ ታንኳው ጉልበት በሚደርስ ውሃ ላይ ከዳርቻው ጋር ትይዩ እያለ ወርዳችሁ ውሃ ውስጥ ቁሙ፣ ሻንጣዎቹን አንድ በአንድ አውጡ፣ ከዚያ ባዶውን ታንኳ ሁለታችሁ አንስታችሁ አውጡት። እግር ይረጥባል። «እግሬን ሳላርስ» የሚል ሰው ወይ ታንኳውን ይሰብራል ወይ አልጌ በያዘው አንሸራታች ድንጋይ ላይ ይወድቃል። ጫማው ቁርጭምጭሚት የሚይዝ፣ ውሃ የሚያስወጣ፣ ሶሉ የሚቆነጥጥ ይሁን፤ ካልሲው የሱፍ። የማታ ደረቅ ጫማ ለብቻው ይያዝ።

ዕቃውን በመንገዱ አፍ ላይ አትከምሩ። ከኋላችሁ የሚመጣ አለ፣ ከወዲያ በኩልም ታንኳ ተሸክሞ የሚወጣ አለ፤ እሱ ከጭንቅላቱ በላይ ማየት አይችልም፣ ቅድሚያ የሚሰጠውም ለእሱ ነው። ጎን አድርጋችሁ በአንድ ቦታ ሰብስቡ። ሌላም ነገር አለ፤ የቡድን ገደብ 9 ሰውና 4 ታንኳ ሲሆን ይህ በፖርቴጅ ላይም ይሠራል። በ12 ሰው ሆነን እንሂድ የሚሉ የእኛ ልጆች ብዙ ናቸው። ሁለት ፈቃድ አውጥታችሁ በሁለት ቡድን ብትገቡ እንኳ ዳርቻው ላይ ተገናኝታችሁ ቡና ማፍላት አትችሉም።

ታንኳውን ማንሳት

በአማርኛችን ለዚህ የተዘጋጀ ቃል አለን። በታንኳው መካከል ከጠርዝ ጠርዝ የሚያልፈው እንጨት ቀንበር ነው፤ እንግሊዝኛውም በበሬው ቀንበር ስም ይጠራዋል። ሁለት ትራሶች አሉት፣ ትከሻ ላይ የሚያርፉት እነሱ ናቸው። ታንኳውን ስትከራዩ ግቢው ውስጥ አንስታችሁ ሞክሩት። ትራሶቹ ተጠጋግተው ከሆነ አንገት ያንቃሉ፣ ተራርቀው ከሆነ የትከሻውን ጫፍ አጥንት ይወጋሉ፤ ብሎኑን አላልታችሁ እስኪስማማ አቀራርቡ ወይም አራርቁ፣ ከዚያ አጥብቁ። ብሎኑ በጉዞ ላይ ይላላልና በየማለዳው በእጅ ሞክሩት። ትራሱ ጫካ መካከል ሲዞርባችሁ ማስተካከያ ጊዜ የለም።

ለጀማሪ የምመክረው የሁለት ሰው አነሳስ ነው። ታንኳውን ገልብጡት። አንዱ የፊት ጫፉን ከራሱ በላይ ያነሳል፤ የኋላ ጫፉ ለስላሳ አፈር ወይም ሣር ላይ ይቆያል፣ ድንጋይ ላይ አይሁን። ተሸካሚው ፊቱን ወደ ፊት ጫፉ አድርጎ ከሥር ይገባና ቀንበሩን ትከሻው ላይ ያስተካክላል፤ «ያዝኩ» ሲል ሌላው ቀስ ብሎ ይለቃል። የተቀረው ቀጥ ብሎ መቆም ነው። ታንኳውን ለሁለት እንደ ቃሬዛ ይዞ መሄድ ቀላል ይመስላል፤ ጠባብ መንገድ ላይ ግን እርምጃው አይገጥምም፣ አንዱ ሲሰናከል ሌላውን ይጥላል። ለ10 ሮድ ካልሆነ አትሞክሩት።

ብቻ ለማንሳት፦ ታንኳው በሆዱ መሬት ላይ ተቀምጦ፣ በግራ ጎኑ መካከል ላይ ፊታችሁን ወደ እሱ አድርጋችሁ ቁሙ፤ የፊት ጫፉ በግራ እጃችሁ በኩል ይሆናል። እግር ከፈት፣ ጉልበት አጠፍ። ቅርብ ያለውን ጠርዝ በሁለት እጅ ይዛችሁ ወደ ጭናችሁ ሳቡትና ሆዱን ጭናችሁ ላይ አሳርፉት። ክብደቱን አሁን የያዘው ጭን ነው፤ ትንፋሽ ሰብስቡ። ከዚያ ግራ እጃችሁ ማዶ ያለውን ጠርዝ ከቀንበሩ ትንሽ ወደ ፊት ይያዝ፤ ቀኝ እጃችሁ ቅርቡን ጠርዝ ከቀንበሩ ትንሽ ወደ ኋላ ይዞ ክንዳችሁ ሆዱን ከሥር ይቀፈው። አንድ ሁለቴ ወዝወዝ አድርጉ። በሦስተኛው በጭን ወደ ላይ እየገፋችሁ የማዶውን ጠርዝ በራሳችሁ ላይ ሳቡት፤ በዚያው ቅጽበት እግራችሁም ሰውነታችሁም ወደ ፊት ጫፉ ይዙር። ራሳችሁ ከቀንበሩ ፊት ይገባል፣ ትራሶቹ ትከሻ ላይ ያርፋሉ።

የሚበላሸው በሦስት ምክንያት ነው። ጭኑን ትተው በክንድ ብቻ የሚያነሱ አሉ፤ ታንኳው ደረት ላይ ይቆምባቸዋል። መሃል ላይ የሚያመነቱ አሉ፤ ጀመር አድርጎ ማቆም ወገብ ይቀጫል፣ ካልሆነላችሁ ወደ ጭን መልሱት። ሦስተኛው የከፋው ነው፦ እግር ተተክሎ ሰውነት ብቻ ሲዞር። ጉልበት የሚጎዳው እዚያ ነው። ሁሉንም ቤት ሣር ላይ አሥር ጊዜ ተለማመዱት።

መንገዱ ላይ

ደህና ታንኳ ትከሻ ላይ ሲሆን ወደ ኋላ በጥቂቱ ያዘነብላል፤ የፊቱ ጫፍ ከፍ ስለሚል ከፊታችሁ አምስትና ስድስት እርምጃ መንገድ ይታያችኋል። ወደ ፊት ከወደቀ የሚታየው የራሳችሁ ጫማ ብቻ ነው፤ የኋላ መቀመጫው ላይ አንድ ቀላል ነገር እሰሩበት፣ ይስተካከላል። ሁለት እጅ ወደ ላይ ዘርግቶ ጠርዙን መያዝ ክንድ ያደነዝዛል። አንድ እጅ ይበቃል፤ ወይም ከፊት አግዳሚው ላይ አጭር ገመድ አስራችሁ ወደ ደረት አውርዱትና እሱን በመሳብ ሚዛኑን ጠብቁ።

ዳገት ላይ የፊት ጫፉ መሬቱን ይወጋል፣ ከፍ አድርጉት። ቁልቁለት ላይ ደግሞ የኋላ ጫፉ ከኋላችሁ ያለውን ድንጋይ ይመታል፤ ታንኳው ከመሬቱ ጋር እንዲያዘነብል ፊቱን ዝቅ አድርጉ። 18 ጫማ ተኩል የሆነ ታንኳ በጠባብ ኩርባ አይዞርም፤ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ፣ ፊቱን በዛፎቹ መካከል አሾልኮ እንደገና መግባት ይሻላል። ጎን ለጎን ታከው የሚሄዱ ሰዎች የታንኳውን ጎን በቅርንጫፍ ይፍቃሉ።

ሥር የበዛበት መንገድ ከድንጋይ ይልቅ ይጥላል። ብዙ እግር ያለሰለሰው ሥር ሲረጥብ ሳሙና ነው፤ በላዩ አትርገጡ፣ ተሻገሩት። ጭቃ ስታገኙ በመካከሉ እለፉ። በዳር ለመዞር የሚሞክር ሰው መንገዱን ያሰፋዋል፣ ደግሞም ዳሩ ላይ ያለው ለምለም ሣር ሥሩ ባዶ ስለሆነ እስከ ጭን ሊያሰምጥ ይችላል። ቢቨር ውሃ ገድቦ መንገዱን ያሰጠመበት ቦታም ይገጥማል፤ ግድቡ ላይ ቆሞ ታንኳውን መሳብ ከመሸከም ይቀላል፤ ግንዶቹ ግን ይንሸራተታሉ።

ትንኝ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በጁንና በጁላይ ይከፋል፤ ከዚያ ቀደም ብሎ ጥቁሯ ተናካሽ ዝንብ አለች። የተደፋው ታንኳ ጣራ ሆኖ ትንኙን ከፊታችሁ ላይ ይሰበስበዋል፣ እጃችሁ ደግሞ ተይዟል። የፊት መረቡንም የትንኝ ቅባቱንም ማድረግ ታንኳውን ከማንሳታችሁ በፊት ነው።

ማረፍ ስትፈልጉ ታንኳውን ማውረድ አያስፈልግም። የፊት ጫፉን የሚያሳርፍ በቁመታችሁ ከፍታ ያለ ጠንካራ የዛፍ መንታ ወይም አግዳሚ ፈልጉ፤ የኋላውን ለስላሳ መሬት ላይ አሳርፋችሁ ከሥሩ ውጡ። የደረቀ ቅርንጫፍ እንዳይሆን በእጅ ግፉት። ረጅም መንገድን ከፋፍሎ መሸከም የጥንት ብልሃት ነው። የአካባቢው ነባር ሕዝብ የሆኑት ኦጂብዌዎች ጊቺ ኦኒጋሚንግ፣ «ታላቁ መሸከሚያ» የሚሉት ግራንድ ፖርቴጅ ከሱፒሪየር ሐይቅ እስከ ፒጅን ወንዝ 13.7 ኪሎ ሜትር ነው፤ የእንስሳ ፀጉራም ቆዳ ንግድ ተሸካሚዎች እያንዳንዱ 90 ፓውንድ የሆኑ ሁለት ጥቅል እየያዙ በ16 ማረፊያ ከፋፍለው ይሄዱበት ነበር። በአንድ ማረፊያ ዕቃውን ሁሉ አጠራቅመው ወደሚቀጥለው ያልፋሉ፤ ባዶ እጅ የሚመለሱበት መንገድ እረፍታቸው ነው። ከሮዝ ወደ ሮቭ ሐይቅ የሚወስደውን 660 ሮድ የሚጠጋ መንገድ በዚሁ ዘዴ በአራት ብትከፍሉት ትወጡታላችሁ።

ከወደቃችሁ ታንኳውን አታድኑ። ወደ ጎን ግፉትና እናንተ ወደ ሌላው ጎን ውጡ። ኬቭላር በጠንካራ የማጣበቂያ ፕላስተር እስከ መውጫ ይደርሳል፤ አንድ ጥቅል መያዝ ግዴታ ነው። የተሰበረ ቁርጭምጭሚት ግን ስልክ በማይሠራበት ጫካ በፕላስተር አይወጣም።

ሲጨርሱ ማውረዱ ያው አነሳሱ ነው፣ ተገልብጦ፦ ወደ ጭን፣ ከጭን ወደ ውሃ። ድንጋይ ላይ አይጣል። ውሃ ላይ ተንሳፍፎ እያለ ከባዱን ሻንጣ ከቀንበሩ ወደ ኋላ፣ ቀለል ያለውን ወደ ፊት፣ ሁሉንም ከታች አስተኝታችሁ ጫኑ። ከመቅዘፋችሁ በፊት ጮክ ብላችሁ ቁጠሩ፦ ሦስት ሻንጣ፣ ሦስት መቅዘፊያ (አንዱ መጠባበቂያ ነው)፣ ሁለት ላይፍ ጃኬት፣ አንድ ካርታ። በፖርቴጅ ላይ ብዙ ጊዜ የሚረሳው ዛፍ ላይ ተደግፎ የቀረ መቅዘፊያ ነው፤ እጀታው ላይ ደማቅ ቀይ ወይም ብርቱካንማ ፕላስተር ጠቅልሉበት።